ስለ ዋይፋይ መቋረጥና ስለ ቤት ውስጥ ፍርድ

በአንድ ቤት ውስጥ የሚገባ አዲስ ዕቃ ሁሉ ከጥቅሙ ጋራ አንድ አዲስ የክርክር ምክንያት ይዞ ይገባል። ሬዲዮ በገባ ጊዜ ጣቢያ የመምረጥ ክርክር መጣ፤ ቴሌቪዥን በገባ ጊዜ የመቀመጫና የሰዓት ክርክር መጣ፤ የቤት ስልክ በገባ ጊዜ በወሩ መጨረሻ «ይህን ሁሉ ሒሳብ ያስቈጠረው ማነው?» የሚል ክርክር መጣ። እነዚህ ዕቃዎች ግን የሚታዩና የሚሰሙ ስለ ነበሩ ክርክሩ በቶሎ ያበቃ ነበር። በዘመናችን በየቤቱ የገባው ዋይፋይ አይታይም፤ አይሰማም፤ አይዳሰስም። በደኅና በሚሠራበት ጊዜ ማንም አያስታውሰውም። በተቋረጠ ጊዜ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ በዐይን ስለማይታይ፣ ሰው የሚታየውን ይከሳል። የሚታየውም ብዙ ጊዜ አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ የቤትን ዋይፋይ መመርመር የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ሥራ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች አስቀድሜ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም በአንድ ጎረቤት ቤት የሆነውን፣ በመጨረሻም ማናቸውም ቤተ ሰብ ያለ ባለሙያ ሊከተለው የሚችለውን የምርመራ ሥርዓት እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ብዙ ሰው «ዋይፋይ ጠፋ» እና «ኢንተርኔት ጠፋ» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ይናገራቸዋል፤ ነገር ግን ሁለት ናቸው። ኢንተርኔት ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ተነሥቶ በመዳብ ሽቦ፣ ወይም ፋይበር በሚባለው የመስተዋት ክር፣ ወይም በሞባይል ማማ በኩል እስከ ቤታችን የሚደርሰው ነው። ዋይፋይ ግን በቤታችን ካለው ራውተር እስከ ስልካችን ድረስ ያለው አጭር የአየር መንገድ ነው። ነገሩ በውኃ ሊመሰል ይችላል። ኢንተርኔት ከዋናው መሥመር እስከ ግቢ የሚመጣው ውኃ ነው፤ ራውተር የግቢው ቧንቧ ነው፤ ዋይፋይ ከቧንቧው እስከ ጓዳ የሚዘረጋው ጎማ ነው፤ ስልኩም የሚቀዳበት ጀሪካን ነው። ውኃ በጠፋ ጊዜ አስተዋይ የቤት እመቤት ወዲያው ቧንቧ ሠሪ አትጠራም። አስቀድማ «እናንተ ዘንድ ውኃ አለ ወይ?» ብላ ጎረቤቷን ትጠይቃለች፤ ቀጥላም ጎማው ተጣጥፎ እንደ ሆነ ታያለች። ይኸው ጥበብ ለዋይፋይም ይበቃል።

ዋይፋይ የሚጓዝበት ማዕበል የሬዲዮና የብርሃን ወገን ነው። የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል መሆኑን በስሌት አመለከተ። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርትዝ ደግሞ በ1887 እና በ1888 እ.ኤ.አ. በካርልስሩኸ ከተማ እንዲህ ያለውን ማዕበል በመሣሪያ ፈጥሮ አሳየ። ኸርትዝ ባደረጋቸው ሙከራዎች ማዕበሉ ከዚንክ ሰሌዳ ጋራ ሲጋጭ ተመልሶ እንደሚነጥር፣ የእንጨት በር ግን እንደማያግደው ተመለከተ። አንባቢ ይህን አንድ ነገር በልቡ ይያዝልኝ፤ ከታች ይጠቅመናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ የሚያገናኝ መረብ ሥራ ጀመረ። በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የተወሰኑ የሬዲዮ ክልሎችን ማንም ሰው ለየራሱ ፈቃድ ሳያወጣ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ከፈተ። በ1997 የዛሬው ዋይፋይ የሚመራበት የመጀመሪያው ደንብ ወጣ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ2 ሜጋቢት አያልፍም ነበር። «ዋይፋይ» የሚለው ስም የወጣለት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ክልሉ ለሁሉ የተፈቀደ መሆኑ በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንደ ወል ግጦሽ ሁሉም ከብቱን ይነዳበታል። የዛሬ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ክልል ይሠራል። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሲሆን የማዕበሉ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ይችላል፣ ርቆም ይሄዳል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚገፋፋበት ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሲሆን ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ነገር ግን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። በአንድ ክልል ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች የሚነጋገሩት በተራ ነው። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገር አስተማሪው የማንንም ቃል አይሰማም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ሌላ የሚናገር እንዳለ ያዳምጣል፤ ጸጥታ ሲያገኝ ይናገራል። ከክፍሉ መጨረሻ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማ ተማሪ ደግሞ አንዱን ቃል ደጋግሞ እንዲናገር ስለሚገደድ የሌሎቹንም ጊዜ ይወስዳል። በራውተርና በሩቅ ክፍል ባለ ስልክ መካከልም የሚሆነው ይኸው ነው።

አሁን በጎረቤት ቤት ወደ ሆነው ነገር እንለፍ። በምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ አባወራ ከባለቤታቸውና ከአሮጊት እናታቸው ጋራ ይኖራሉ። የእኒህ እናት ሴት ልጅ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዕረፍቷ እሑድ ብቻ ስለ ሆነ ዘወትር እሑድ ማታ በ1 ሰዓት ተኩል በኢንተርኔት ትደውላለች። እናቲቱም ከሰዓቱ ቀደም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ግን ነገሩ ተበላሸ። የልጅቱ መልክ በስልኩ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ወዲያውም ይጠፋል። በዚያው ወር አጋማሽ በሊባኖስ የነበረው ጦርነት ተባብሶ ቤይሩት ዳርቻ ላይ ቦምብ መውደቅ ጀመረ። ስለዚህ በየእሑዱ የሚቆራረጠው ድምፅ ለእኒያ እናት የመሣሪያ ብልሽት ብቻ አልነበረም፤ ልጄ አለች ወይስ የለችም የሚል ጥያቄ ነበር።

በዚሁ በመስከረም ወር የአባወራው ባለቤት የወንድማቸውን ልጅ፣ የ17 ዓመት ወጣት፣ ለትምህርት ከገጠር አምጥተውት ነበር። ልጁ አንድ አሮጌ ስልክ ይዞ መጣ፤ የዋይፋዩም ፓስዎርድ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ለቤቱ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው። «ይህ ልጅ ሳይመጣ ይህ ሁሉ አልነበረም» ተባለ። ቀጥሎም ፓስዎርዱን ለሰፈር ወጣቶች ሰጥቶታል፣ ከዚያም አልፎ በገንዘብ ሸጦታል ተባለ። ልጁ ማለ፤ አልታመነም። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ገጠር እንዲመለስ ተወሰነ፤ ይህም ማለት የዓመቱ ትምህርት ቀረ ማለት ነው። እኔን የጠሩኝ ነገሩን እንድመረምር አልነበረም፤ ፓስዎርዱን ቀይሬ ከልጁ እንድሸሽገው ነበር እንጂ።

«እቀይራለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመን ጥቂት እንጠያየቅ» አልኋቸው።

«መምህር፣ ምን ይጠየቃል? ነገሩ የታወቀ ነው» አሉኝ አባወራው።

«ሳሎን ተቀምጠው በስልክዎ ሲያዩ ይቋረጥብዎታል ወይ?»

«ሳሎንስ ደኅና ነው። እናቴ ክፍል ነው እንጂ።»

ከዚህ አንድ መልስ ትልቅ ነገር ተገኘ። ከውጭ የሚመጣው መሥመር ጤነኛ ነው ማለት ነው። ኢንተርኔቱን የሚሻማ ሌባ ቢኖር ኖሮ የሳሎኑንም ድርሻ በወሰደ ነበር፤ የአንዲት አሮጊት ክፍል ብቻ መርጦ የሚሰርቅ ሌባ አይኖርም። ቀጥዬ የእናቲቱን ስልክ ከዋይፋዩ አላቅቄ በሞባይል ዳታ ከዚያው ከአልጋቸው ላይ ወደ እኔ ስልክ እንዲደውሉ አደረግሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ስንነጋገር አንድ ጊዜም አልተቋረጠም። ስለዚህ ስልኩ ጤነኛ ነው። ስልኩን መልሼ ከዋይፋዩ ጋራ አገናኝቼ ወደ ሳሎን ይዤው ወጣሁ፤ ደኅና ሠራ። ወደ ክፍላቸው መለስሁት፤ ተቆራረጠ። እንግዲህ መሥመሩም ስልኩም ከክሱ ነጻ ወጡ፤ የቀረው በሁለቱ መካከል ያለው አየር ነው።

ልጁ የተከሰሰበት ነገር ግን በግምት እንዲቀር አልፈለግሁም። የራውተሩን የውስጥ ገጽ በስልኬ ከፍቼ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ለሁሉም አሳየሁ። የቤቱ ሰዎች የእኔን ጨምረው ስድስት ቈጠሩ፤ ዝርዝሩ ግን ሰባት ነበር። ሰባተኛው ማንም የማያውቀው በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ ስም ነው። «ይኸውልዎ!» አሉ አባወራው። ልጁ ምንም ሳይናገር አቀረቀረ። እኔም ከስልኬ በቀር በቤቱ ያለው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ እንዲጠፋ ለመንሁ። ሁሉም ጠፋ፤ ያ ስም ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። በመጨረሻ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ከሶኬት እንዲነቀል አደረግሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ስሙ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ሲሰካ ስሙ ተመልሶ መጣ። ሰባተኛው እንግዳ ያ ኖሮአል።

«ራውተሩስ የት ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። የቤቱ እመቤት የቡፌውን በር ከፍተው አሳዩኝ። ለእንቍጣጣሽ ቤቱ ቀለም ሲቀባ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ራውተር ሽቦው ያስጠላል ተብሎ ከቡፌው ውስጥ ገብቶአል። በስተኋላው የቡፌው መስተዋት፣ በጎኑ የተደረደሩ የብረት ትሪዎች፣ በእርሱና በእናቲቱ ክፍል መካከል ደግሞ ፍሪጁ ቆሞአል። የመስታወት ጀርባ የሚቀባው ስስ ብረት ነው፤ ኸርትዝ በዚንክ ሰሌዳው ያየውን ሥራ ይሠራል። ራውተሩን አውጥተን በቀድሞው ምስማር ላይ ሰቀልነው። በእናቲቱ ክፍል ሆኜ የማዕበሉን ብርታት በስልኬ ብለካው ከ-82 ዲቢኤም ወደ -59 ተሻሻለ፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ብርታቱ ይጨምራል። እርግጠኛ ለመሆን ወደ ቡፌው መለስነው፤ ብርታቱ ወረደ። አወጣነው፤ ወጣ። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ አርባ ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ልጂቱ ከአሠሪዎቿ ጋራ ከከተማው ወጥታ ወደ ተራራማው አገር ሸሽታ ነበር። አባወራው «ይቅር በለኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት እራት ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጁ ሰጡት። ልጁም ተቀበለ። ትምህርቱንም ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት ጎረቤቶቼን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያ ወር ሁለት ነገሮች ሆነዋል፤ ልጁ መጣ፣ ራውተሩም ተዛወረ። ሁለቱም ከመቋረጡ ቀድመዋል፤ የታየው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከአንድ ነገር በኋላ የመጣ ሁሉ ከዚያ ነገር የተነሣ መጣ ማለት አይደለም። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ከደረሰበት ቤት ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንደነቃለን። ነገር ግን ዋይፋይ በተቋረጠ ቁጥር በግምት ተንገዳግደን ከሠራተኛዪቱ፣ ከተከራዩ፣ ወይም ከልጆች በአንዱ ላይ የምንወድቅ ከሆነ፣ ልማዱ ገና ከቤታችን አልወጣም።

እንግዲህ የምርመራውን ሥርዓት በየተራው እንመልከት። የሥርዓቱ ሁሉ ሥር አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን ማየት። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው ቢድንለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም እንደገና ይጨነቃል።

አንደኛ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቅ። የተቋረጠው በአንድ መሣሪያ ነው ወይስ በሁሉም? በአንድ ክፍል ነው ወይስ በቤቱ ሁሉ? በአንድ ሰዓት ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? በአንድ መሣሪያ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በመሣሪያው ነው፤ በአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ በአየሩ ነው፤ በሁሉም መሣሪያና በሁሉም ክፍል ከሆነ በራውተሩ ወይም ከውጭ በሚመጣው መሥመር ነው፤ በምሽት ብቻ ከሆነ የብዙ ሰው መጨናነቅ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ መብራቶቹን ተመልከት። በራውተሩ ፊት ያሉት ትናንሽ መብራቶች ምስክሮች ናቸው። ምንም ካልበራ ሶኬቱንና አዳፕተሩን መርምር፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አዳፕተር ያቃጥላልና። በሌላ አዳፕተር ለመተካት ቢፈለግ ቮልቱ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋራ እኩል፣ አምፔሩም ከተጻፈው ያላነሰ መሆን አለበት፤ ቀዳዳው ገጠመ ተብሎ ብቻ አይሰካም። መሥመሩ ፋይበር ከሆነና «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት በቀይ ከበራ፣ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቀጭኑ ክር በበር ተጨፍልቆ ወይም በዕቃ ተጫንቶ ተሰብሮ እንደ ሆነ እይ፤ የክሩን ጫፍ ነቅሎ በዐይን መመልከት ግን ለዐይን አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ አጥፍተህ አብራ፤ ነገር ግን በሥርዓት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቈይ፤ መልሰህ ሰክተህም መብራቶቹ እስኪረጉ ጥቂት ደቂቃ ታገሥ። ከጀርባው ባለው ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ የሚነካው ቍልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱን ይዞ መቈየት ድርጅቱ ያስገባውን መጠሪያና የይለፍ ቃል ሁሉ ይደመስሳል፤ ያን ጊዜ ትንሹ ሕመም ትልቅ ይሆናል። ለልጆችም ይህ ልዩነት ሊነገራቸው ይገባል።

አራተኛ፣ ሒሳቡንና ጎረቤቱን ጠይቅ። የወሩ ክፍያ ያለቀበት ቤት ራውተሩን ሲፈታ ቢያድር ፋይዳ የለውም። የጎረቤትም መሥመር ከጠፋ ጥፋቱ ከግቢ ውጭ ነው፤ መጠበቅና ማመልከት እንጂ መፍታት አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ የራውተሩን ስፍራ መርምር። በእኔ አስተያየት ከቤት ውስጥ መቋረጥ ብዙው የሚድነው በዚህ ነው፤ ወጪም የለውም። ራውተር እንደ ፋኖስ ነው፤ ፋኖስን ከቁምሣጥን ውስጥ አብርቶ የሚዘጋ የለም። ከፍ ባለና ለቤቱ መካከል በሆነ ስፍራ ይቀመጥ። ከብረት በር፣ ከመስተዋት፣ ከፍሪጅ፣ ከውኃ ጋን ይራቅ፤ ብረት ማዕበሉን ይመልሳል፣ ውኃም ይመጠዋል። ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት ከብሎኬት ይልቅ ያዳክማል፤ በቆርቆሮ ግድግዳ የተለየች ክፍልም ፈጽሞ ላይደርሳት ይችላል። ማይክሮዌቭ የሚባለው ምግብ ማሞቂያ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለ ሆነ፣ በበራ ጊዜ የ2.4 ክልል ቢታወክ አያስደንቅም። ቤቱ ሰፊ ሆኖ አንድ ራውተር ካልበቃ፣ ከመጀመሪያው ኬብል ስቦ ሁለተኛ ማሰራጫ በሩቁ ክፍል ማስቀመጥ በአየር ብቻ ከሚያቀባብል መሣሪያ ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ግፊያውን አቃልል። በ2.4 ክልል ውስጥ ያሉት መሥመሮች ወይም ቻናሎች በቁጥር ብዙ ቢሆኑም ጎን ለጎን ስለሚደራረቡ፣ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጎረቤቶቹ ራውተሮች በየትኛው እንዳሉ በስልኩ አይቶ ከሦስቱ ባዶ ወደ ሆነው ማዛወር ይችላል። ለራውተሩ ቅርብ የሆኑትን ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ክልል ማሻገርም ለሩቆቹ ስልኮች ስፍራ ይለቅላቸዋል። ሳናውቀው ፎቶግራፋችንን ወደ ሩቅ ማከማቻ የሚልክ ስልክ ሁሉ መንገዱን ያጣብባል፤ ይህን ሥራ ሁሉ ተኝቶ ባለበት ሌሊት እንዲሠራው ማዘዝ ይቻላል።

ሰባተኛ፣ አንድ ስልክ ብቻ ካስቸገረ ስልኩን መርምር። የዋይፋዩን ስም እንዲረሳ አድርገህ ፓስዎርዱን እንደገና አስገባ። ቀኑንና ሰዓቱንም እይ፤ የስልኩ ቀን ከተሳሳተ የተጠበቁ ገጾች የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ ያለፈበት ስለሚመስለው አይከፍትም፤ ብዙ ሰውም ይህን የዋይፋይ ብልሽት ያደርገዋል። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው፤ በደኅና ጊዜ በቤት ውስጥ ያለ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ192.168 ነው።

ስምንተኛ፣ ጥበቃውን አጽና። የሌባ ጥርጣሬ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም፤ ፓስዎርዱ ለብዙ ሰው የተነገረ ቤት አለ። ነገር ግን ጥርጣሬ በዝርዝሩ ይፈተን እንጂ በፊት ገጽታ አይፈተን። ደብሊው ኢ ፒ የሚባለው የጥንት መቈለፊያ ደካማነቱ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ አይጠቅምም፤ በ2004 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም በ2018 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ይመረጥ። ፓስዎርዱ ረዘም ያለ ይሁን፤ የስልክ ቁጥርና የልጅ ስም አይሁን። ለእንግዳ የተለየ ስም መክፈት የሚችል ራውተር ካለ ለእንግዳው በዚያ መስጠት ሁለቱንም ወገን ከሐሜት ያድናል።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ካልዳነ፣ አንድ ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋራ አገናኝ። በኬብልም ካልሠራ ዋይፋዩ ከክስ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ከመሥመሩ ወይም ከራውተሩ ነውና ለድርጅቱ ይመለከት። በዚያን ጊዜ «ዋይፋያችን አይሠራም» ከማለት ይልቅ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት፣ የመብራቶቹን ቀለም፣ በኬብል የታየውን ውጤት ጽፎ መናገር ይበልጣል። የፍጥነት አቤቱታ ያለውም ሰው ቢትንና ባይትን ይለይ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የተዋዋለ ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት በላይ ቢጠብቅ ከውሉ ያለፈ ይጠብቃል። በአንድ ወቅት የእኔው ቤት መሥመር ለሳምንት ያህል በየማታው ሲጠፋ፣ ያገለግለን የነበረው ድርጅት «ከእናንተ ራውተር ነው» እያለ ይመልሰን ነበር። የሰባት ቀን ሰዓትና የኬብሉን ምርመራ በወረቀት ጽፌ ባቀረብሁ ጊዜ ሠራተኛ ተላከ፤ በግቢው በር አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበት ተገኘ።

ስለዚህ በየቤቱ አንድ ትንሽ ደብተር ቢኖር እመክራለሁ። የራውተሩ መጠሪያ፣ የድርጅቱ የአገልግሎት ቁጥር፣ የክፍያው ቀን፣ የመቋረጡ ሰዓትና የተሞከረው መድኃኒት ይጻፍበት። ደብተሩን ለልጆች ስጡአቸው። አንድ ልጅ መጠየቅን፣ መለየትን፣ አንድ በአንድ መሞከርን፣ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍን በቤቱ ራውተር ላይ ከተማረ፣ ነገ በሐኪም ቤት ሆነ በፍርድ ወንበር፣ በእርሻ ሆነ በንግድ ያው ሥርዓት ይከተለዋል። አባትና እናትም ልጁ መርምሮ የደረሰበትን ነገር፣ ከገመቱት የተለየ ቢሆን እንኳ፣ ተቀምጠው ይስሙት።